በስልክ የሚመጣ የሕመም ማስታገሻ

(በእሑድ የእህቶች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ከመካከላችሁ እዚህ ለመድረስ ሁለት ሰርቪስ የቀየረች አለች። እስከ አሥር ሰዓት ብቻ የተፈቀደላትም አለች። ስለዚህ ንግግሬን አላረዝምም።

ወገቧን፣ ጉልበቷን ወይም ራሷን የማያማት እጇን ታውጣ ብላችሁ ብዙ እጅ የማይ አይመስለኝም። ምንጣፍ እናነሣለን፣ በረንዳ እናጥባለን፣ አዛውንት ከአልጋ እናነሣለን፣ ሌሊት የሕፃን ልቅሶ እንሰማለን። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ሕመም ስለሚያጋንኑ ሰዎች አይደለም። ሕመማችን እውነት ነው። የምናገረው ያን ሕመም ለማስታገስ በስልክ ስለምንገዛው መድኃኒት ነው። ደግሞም የምናገረው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው።

ወደ ቤሩት የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2021 ክረምት፣ ያን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ በጀል ኤል ዲብ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምሠራው። መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣል። የጄኔሬተሩ ኢሽቲራክም ናፍጣ እየጠፋ ይቋረጣል። አሳንሰር ከቆመ ውኃውን በጋሎን፣ የገበያውን ዕቃ በላስቲክ ተሸክማ ሰባት ፎቅ የምትወጣው ማን ናት? እኔ ነኛ። በሦስተኛው ሳምንት ወገቤ ታጥፎ ቀረ። ጠዋት ከአልጋ ለመነሣት ግድግዳ እይዝ ነበር።

ለማዳም ነገርኳት። ግን እንዴት እንደነገርኳት ልንገራችሁ። ድንች እየላጥሁ፣ እየሳቅሁ «ማዳም፣ ዳህሪ ቢዩጃዕኒ» አልኳት። «ሰላምቲክ» አለችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ሁለተኛም ነገርኳት፣ ያኔም እየሳቅሁ ነው። ሰነፍ እንዳትለኝ ፈርቼ ነበር።

በዚያ ክረምት ፋርማሲዎቹ ባዶ ነበሩ። መንግሥት መድኃኒት ለሚያስገቡት የሚከፍለው ዶላር አጥሮ ነበርና አስመጪዎቹ ማስገባት አቆሙ። ፋርማሲስቶቹም በራቸውን ዘግተው አድማ መቱ። ተራ ፓናዶል እንኳ ይፈለግ ነበር። ነሐሴ ላይ የጤና ሚኒስትሩ ራሳቸው መጋዘን እያስከፈቱ የተደበቀ መድኃኒት ሲያወጡ በቴሌቪዥን አይተናል። ሊባኖሳውያኑ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ሁሉ «በሻንጣህ መድኃኒት ይዘህ ና» ይሉ ነበር። ዘመድ የሌለን እኛ ምን እናድርግ?

ሴቶች በሚጻጻፉበት አንድ የስልክ ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ማስታወቂያ አወጣ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሥዕል አለው። ከጀርባው በመድኃኒት የተሞላ መደርደሪያ ይታያል። «ያለ ሐኪም ወረቀት፣ ቤት ድረስ እናመጣለን» ይላል። ጻፍኩለት። የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የት ነሽ፣ ብሩን በማን ትልኪያለሽ። በማግሥቱ አንድ ሞተረኛ ለናጡሩ ጥቁር ላስቲክ ትቶለት ሄደ። ውስጡ ካርቶን የለም። ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ አንድ ቅጠል እንክብል ብቻ ነው። ስሙ የተጻፈበት በኩል ተቆርጦ ቀርቷል።

የመጀመሪያውን ቀን አልዋሻችሁም፤ ደስ ይል ነበር። ሕመሙ ጠፋ። ቤቱን ሁሉ እያንጎራጎርሁ አጠብሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ አልበቃ አለኝና ሁለት አደረግሁት። በአራተኛው ሳምንት ካልዋጥሁ ያልበኛል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ እግሬ አላስተኛ ይለኛል። ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ሻጩም ዋጋ ጨመረ። ለእናቴ የምልከውን ሁለት ወር ሳልልክ ቀረሁ፤ በስልክም ዋሸኋት። በስድስተኛው ሳምንት ወጥ ቤት ቆሜ ሳለሁ የሆነውን አላውቅም። ስነቃ ወለል ላይ ነኝ፣ ምላሴን ነክሼዋለሁ፣ ማዳም ትጮኻለች። ጥሎኝ ነበር። ምድጃው አጠገብ አለመሆኔ፣ በረንዳ ጠርዝ ላይ አለመሆኔ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ሆስፒታል ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሹ አኸድቲ?»፣ ምን ወሰድሽ፣ ብሎ ነው። እህቶቼ፣ መልስ አልነበረኝም። ስድስት ሳምንት በየቀኑ ሆዴ ያስገባሁትን ነገር ስሙን አላውቀውም። የተቆረጠውን ቅጠል አሳየሁት፤ እሱም ሊያነበው አልቻለም። ከምልክቶቹ ተነሥቶ «ትራማዶል ይመስላል፣ ግን ውስጡ ሌላ ነገር ካለ ማወቅ አልችልም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እየቀነሰ አስቆመኝ።

ዛሬ ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፋርማሲና ሱቅ አንድ አይደሉም። ፋርማሲስት ይጠይቃችኋል። ሌላ ምን ትወስጃለሽ? እርጉዝ ነሽ? ጨጓራ አለብሽ? ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ? የመድኃኒቱ ግማሽ ጥያቄው ነው። ሳይጠይቅ የሚሸጥላችሁ ሰው፣ የሸጠላችሁ እውነተኛ መድኃኒት ቢሆን እንኳ፣ ግማሹን አስቀርቶባችኋል።

እውነተኛ ስለመሆኑስ ምን ዋስትና አለን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚገኙ አሥር የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። በዓይን መለየት አይቻልም። ፕሪንስ የሚባለውን ታዋቂ አሜሪካዊ ዘፋኝ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ2016 ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዐቃቤ ሕጉ ከሁለት ዓመት በኋላ እንዳስታወቀው፣ ሰውየው ቫይኮዲን የተባለ የሕመም ማስታገሻ የወሰደ መስሎት ነበር። ክኒኑ ግን አስመስለው የሠሩት ነው፤ ውስጡ ፌንታኒል የሚባል እጅግ ኃይለኛ ነገር ነበረበት። ከእሱ 2 ሚሊግራም፣ ማለት ጥቂት የጨው ቅንጣት የሚያህል፣ ሰው ሊገድል ይችላል። ያ ሰው ገንዘብ ነበረው፣ ሐኪምም አላጣም። እሱ በዓይኑ ያልለየውን እኛ በስልክ ሥዕል አይተን እንዴት እንለየዋለን?

አሁን በየመሳቢያችን ስላሉት ማስታገሻዎች አንድ በአንድ ልናገር።

መጀመሪያ ፓናዶል፣ አገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው ነው። በልኩ ከተወሰደ ጥሩ መድኃኒት ነው። ባለ 500 ሚሊግራሙ ለጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከስምንት ፍሬ አይበልጥም። በመካከሉ ቢያንስ አራት ሰዓት ይቆያል። ሰውነቷ በጣም የቀጠነ ወይም ጉበቷን የሚያማት ከዚህ ያነሰ ነው የምትወስደው፤ ትጠይቅ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የጉንፋን መድኃኒት ስንጨምርበት ነው። ብዙው የጉንፋን መድኃኒት ውስጡ ፓራሲታሞል አለበት፤ ሳናውቅ እጥፍ እንወስዳለን። ከልክ በላይ ሲሆን ጉበት ያቃጥላል። ክፋቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ብዙም ምልክት አያሳይም። «ምንም አልሆንኩም» ብላ የተኛች እህት በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ይሆናል። ማርከሻ አለው፤ በደንብ የሚሠራው ግን በስምንት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ አብዝታ የዋጠች እህት ካለች፣ ደህና ነኝ ብትልም ወዲያው ሆስፒታል ትሂድ።

ሁለተኛው ኢቡፕሮፌን ነው፤ እዚህ አድቪል ወይም ፕሮፊናል በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ዳይክሎፌናክ፣ ማለት ቮልታሬን፣ የዚሁ ወገን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አትውሰዱ። በባዶ ሆድ ጨጓራ ያቆስላሉ። እዚህ ላይ ለጾመኞቹ እናገራለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማችሁ በባዶ ሆዳችሁ ቮልታሬን አትዋጡ። ከምግብ በኋላ አድርጉት፣ ወይም ሌላ ማስታገሻ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የታመመች ሴት ከጾም ነፃ እንደምትሆን የንስሐ አባታችሁ ይነግሯችኋል። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሆዳችሁ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ያ ለነገ የሚባል አይደለም። ኩላሊቷን የሚያማት እነዚህን አትንካ። እርጉዝ የሆነችም፣ በተለይ አምስተኛ ወር ከገባች፣ ሐኪም ሳይነግራት አትውሰድ።

ሦስተኛው ትራማዶል፣ ትራማል ነው። ከኦፒየም ወገን ነው፤ ሐኪም አዝዞት በፋርማሲ ብቻ የሚሰጥ ነው። ሐኪም ሲያዝዘው እንኳ በቀን ከ400 ሚሊግራም አያልፍም። ሲበዛ እንደ እኔ ይጥላል። ሱስ ያስይዛል። ከመጠጥ ጋር፣ ወይም ሪቮትሪልን ከመሰሉ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች ጋር ሲደባለቅ፣ ሰው ተኝቶ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዷ በድብቅ እየወሰደችው ከሆነ ሁለት ነገር ልንገርሽ። ኃጢአተኛ አይደለሽም፤ ታመሽ ነው የጀመርሽው። ሁለተኛ፣ ዛሬ ማታ በአንዴ ልጣለው አትበይ። ለረጅም ጊዜ የወሰደች ሴት በሐኪም እጅ ቀስ እያለች ነው የምትቀንሰው። ከስብሰባው በኋላ ለብቻሽ ነይና አናግሪኝ። ስምሽን አልጽፍም።

ከሕግ ጋርም ጣጣ አለው። ያለ ሐኪም ወረቀት ትራማዶል ቦርሳዋ ውስጥ የተገኘባት ሴት ኢቃማዋ የተስተካከለ እንኳ ቢሆን ችግር ሊገጥማት ይችላል፤ ኢቃማ የሌላትማ አስቡት። ወደ አገር ቤት ስትመለሱም «ይህችን ዕቃ ለእህቴ አድርሺልኝ» የሚላችሁን ሰው ፈትሹ። በ2017 አንዲት እንግሊዛዊት ወደ 300 የሚጠጋ የትራማዶል ፍሬ ይዛ ግብፅ ገባች። ወገቡን ለሚያመው ባሏ ያመጣሁት ነው አለች። ሦስት ዓመት ተፈረደባት። የሰው ወገብ ብላ ነው የታሰረችው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? «ማዳም አታስወጣኝም፣ ፋርማሲው ሩቅ ነው፣ ከስልክ በቀር ምን አለኝ?» ያለችኝ እህት አለች። እውነቷን ነው። ችግሩ ግን ስልኩ አይደለም። የቤሩት ሰፈር ፋርማሲዎችም በስልክ ታዝዘው በሞተር ያመጣሉ። ልዩነቱ በሩ ነው። የሰፈሩ ፋርማሲ መንገድ ላይ በር አለው፣ ሰሌዳ አለው፣ ውስጡ ስሙ የታወቀ ፋርማሲስት ቆሟል። ነገ ብትታመሚ ሄደሽ «ይህ ምንድን ነው?» ትይዋለሽ። የዚያ የስልክ ሰውዬ በር የት ነው? እኔ ከወደቅሁ በኋላ ስጽፍለት ቁጥሩ ተዘግቶ ነበር።

ስለዚህ ማዳም ቁጥሩን ከያዘችው የሰፈር ፋርማሲ አዘዢ፣ ወይም አዝዢልኝ በያት። ፋርማሲስቱን በስልክ ራስሽ አናግሪው። ብዙ ዐረብኛ አያስፈልግም። ራስ ከሆነ «ራሲ ቢዩጃዕኒ»፣ ወገብ ከሆነ «ዳህሪ»፣ ሆድ ከሆነ «ባጥኒ» በይ። ከዚያ «ከም ሐበ ቢንሃር?»፣ በቀን ስንት ፍሬ፣ ብለሽ ጠይቂና ካርቶኑ ላይ በአማርኛ ጻፊው። መድኃኒት ሲመጣ ካርቶኑ ሙሉ ይሁን፤ ስሙ፣ ሚሊግራሙና የሚያበቃበት ቀን ይነበብ። ተቆርጦ የመጣ፣ በላስቲክ የተቋጠረ፣ ስም የሌለው ከሆነ አትዋጪው። ካርቶኑን እስክትጨርሺ አትጣዪ።

ከማዳም መሳቢያ ያለ ፈቃድ አትውሰጂ። አንደኛ፣ የእሷ መድኃኒት ለእሷ ደምና ለእሷ ልብ የታዘዘ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ፍሬ ክኒን «ሰረቀች» ለማለት ይበቃል። ከዚህ በፊት በስንቱ ስንከሰስ አይተናል።

ለማዳም መናገር ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን እንደ እኔ እየሳቃችሁ አትናገሩ። ሥራችሁን አቁማችሁ፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ የሚያማችሁን ቦታ በእጃችሁ እያሳያችሁ ተናገሩ። ከስንት ቀን ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን መሥራት እንዳቃታችሁ ጨምሩበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ አባቶቻችን። ይህ ልመናም አይደለም። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሥራ ውል ግን አሠሪው እንዲያሳክምና የጤና ኢንሹራንስ እንዲገባላችሁ ይላል። ኢንሹራንሱ ሁሉን አይሸፍንም፤ ቢሆንም ወረቀቱ የት እንዳለ ጠይቁ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት።

ሁሉም ማዳም እንደማይሰማ አውቃለሁ። «ከዛቤ»፣ ውሸታም ነሽ፣ የምትልም አለች። ከቤት ወጥታ ያለ ከፊል የምትኖርም አለች። ለእናንተም በር አለ። የካሪታስ የስደተኞች ማዕከል የቤት ሠራተኞችን ይረዳል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችም በቡርጅ ሃሙድ ለስደተኛ ሠራተኞች ክሊኒክ ከፍተው ሠርተዋል። በየሰፈሩ ሙስተውሰፍ የሚባሉ፣ ከግል ሐኪም በጣም ያነሰ የሚያስከፍሉ ጤና ጣቢያዎች አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት የዚያን ሳምንት ሰዓታቸውን እኛን ጠይቁን፤ ደውለን እናረጋግጥላችኋለን፤ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁም አብረናችሁ እንሄዳለን።

የክፍል ጓደኛችሁ ምን እንደዋጠች ሳታውቁ ብትወድቅስ? ስትጠሯት ካልነቃች፣ ትንፋሿ ከራቀ፣ እንደ ማንኮራፋት ዓይነት ድምፅ ካሰማች፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ አትጠብቁ። 140 ደውሉ፤ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። በጎኗ አስተኟት። ቡናም ወተትም አትስጧት፤ ለማስመለስ ጣታችሁን አፏ ውስጥ አታስገቡ። እንቅልፍ ነው ብላችሁ ትታችኋት አትሂዱ። የተገኘውን ካርቶን፣ ቅጠል፣ ላስቲክ ሁሉ ይዛችሁ ለሐኪሙ ስጡ። ፖሊስ ይመጣል ብላችሁ የምትደብቁት ነገር የእሷ ነፍስ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ስለ ሕመሙ ራሱ አንድ ቃል። ማስታገሻ ወገብን አያድንም፤ ያስረሳል እንጂ። እኔን ያዳነኝ ጋሎኑን በግማሽ መሙላት፣ ዕቃ ሳነሣ ከወገቤ ሳይሆን ከጉልበቴ መታጠፍ፣ ማታ በሞቀ ውኃ ጠርሙስ መተኛት ነው። ማዳምም ከሆስፒታል በኋላ ውኃውን ለናጡሩ ከፍላ ማስወጣት ጀመረች። ቀድሜ በደንብ ብነግራት ምናልባት ቀድማ ታደርገው ነበር፤ ምናልባትም አታደርገውም ነበር። እግራችሁ ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ትኩሳት ከተጨመረበት፣ ወይም ሕመሙ ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ግን ይህ የድካም ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ይየው።

እናቴ እስከ ዛሬ ያን ሁለት ወር ለምን ገንዘብ እንዳልላክሁ አታውቅም። ባንክ ተበላሽቶ ነው ብዬ ነግሬያት ነበር፤ በ2021 ያን ብሎ መዋሸት ቀላል ነበር። አሁን ለእናንተ የነገርኳችሁ ከእናንተ አንዷ ለእናቷ እንዲህ ብላ እንዳትዋሽ ነው። ሲያማችሁ የሚጠይቃችሁን ሰው ፈልጉ። ቢጠፋ እኛ እንጠይቃችኋለን።

እግዚአብሔር ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ። ሻዩ ደርሷል፤ ጥያቄ ያላችሁ እሱን እየጠጣን ጠይቁኝ።